የጠፋውን ፍለጋ፤ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ

የባሕር ዳርቻ ባላቸው አገሮች ወደ ማታ፣ ዋናተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ፣ ረጅም ዘንግ የያዘ ሰው በአሸዋው ላይ ብቻውን ሲመላለስ ይታያል። በዘንጉ ጫፍ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ ነገር አለ፤ በጆሮውም ላይ ማዳመጫ ደፍቷል። ይህ ሰው የሚፈልገው ቀን ሲዋኙ ከዋሉት ሰዎች ጣትና አንገት የወደቀውን ቀለበትና ሐብል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሰውን ጣት ያኰማትራል፤ ለፀሓይ መከላከያ የሚቀቡትም ቅባት ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ቀለበቱ ባለቤቱ ሳያውቀው ይወልቃል። ከነዚህ ፈላጊዎች አንዳንዶቹ ያገኙትን ሸጠው የሚጠቀሙ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ንብረት የጠፋበት ሰው በጠራቸው ጊዜ ሄደው፣ ፈልገው፣ ለባለቤቱ የሚመልሱ ቅኖች ናቸው።

የእኛ አገር ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም። ይሁን እንጂ ጌጥ የሚጠፋው በባሕር ዳር ብቻ አለመሆኑን የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ሳሙና ያንሸራትተዋል፤ በጥምቀት ማለዳ የጥር ብርድ ጣትን ያኰማትራል፤ በዐቢይ ጾም ሰውነት ሲከሳ ጣትም ዐብሮ ይቀጥናል፤ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ደግሞ የድሪው ማያያዣ በሣርና በጭድ ተይዞ ይበጠሳል። የእናቶቻችን ጌጥ ብዙው የተሠራው ከማሪያ ትሬዛ ብር ነበር። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ይህ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱም ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛው እያቀለጠ መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ ጉትቻና ቀለበት ያወጣበት ነበር። ስለዚህ ከአንድ ቤት የሚጠፋው ጌጥ የገንዘብ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ከአያት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ አደራም ዐብሮ ይጠፋል።

በዚህ ጽሑፍ አዲስ አበባን ከሰሜን፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ በኩል ስለ ከበቧት ስለ ሱሉልታ፣ ስለ ቡራዩና ስለ ሰበታ እንናገራለን። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባቾቻቸው ጋር በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ተጠቃልለዋል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በየስማቸው ይጠራቸዋል። ሦስቱን በተከታታይ እንድናያቸው ምክንያት የሆነን አንድ የጋብቻ ቀለበት ነው።

አስቀድመን ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ስልክን በመሥራት ስሙ የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1881፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ፣ በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለመፈለግ ከሽቦ ጥቅልና ከስልክ ማዳመጫ የተሠራ መሣሪያ ይዞ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን ዋናው ሐኪም ጥይቱ ያለው በቀኝ በኩል ነው ብለው አስቀድመው ስለ ቈረጡ ፍለጋው በዚያው ወገን ብቻ ሆነ። በአልጋው ውስጥ የነበረውም የብረት ሽቦ ድምፁን ሳያውከው አልቀረም ይባላል። ፕሬዚዳንቱ ካረፉ በኋላ ሬሳቸው ሲመረመር ጥይቱ በግራ በኩል ተገኘ። አንባብያን ይህን ነገር በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከዚያ በኋላ ጌርሃርድ ፊሸር የተባለ፣ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የሄደ መሐንዲስ፣ በ1937 በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ዮዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኮንን በምድር የተቀበረ ፈንጂ የሚፈልግ መሣሪያ ሠራ፤ በ1942 በግብፅ ምድር በኤል አላሜይን በተደረገው ጦርነት 500 ያህሉ ለሥራ ዋሉ። ዛሬ በባሕር ዳር ቀለበት የሚፈለግበት መሣሪያ የነዚህ ልጅ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በዘንጉ ጫፍ ባለው ክብ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ከባትሪ የሚነሣ፣ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ኀይል በሽቦው ሲያልፍ በዙሪያው የመግነጢስ ኀይል ይፈጠራል። ይህም ኀይል ወደ ምድር ወርዶ ብረት ወይም መዳብ፣ ብር ወይም ወርቅ ሲያገኝ በዚያው ማዕድን ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይቀሰቅሳል፤ ጅረቱም በፈንታው የራሱን የመግነጢስ ኀይል ይመልሳል። መሣሪያው ይህን መልስ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ቀለበት የሚያህል ትንሽ ነገር ከአንድ ስንዝር ብዙ የጠለቀ እንደ ሆነ አይሰማም። ደግሞም መሣሪያው ማዕረግ አይለይም፤ የወርቅ ቀለበትና የመጠጥ ጣሳ መክፈቻ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጡታል። አንድ ነገር መኖሩን ይመሰክራል እንጂ ምን እንደ ሆነና የማን እንደ ሆነ አይመሰክርም።

ከአዲስ አበባ በአዲሱ ገበያ በኩል የጎጃምን መንገድ ይዘው ሽቅብ ሲወጡ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የእንጦጦ ተራራ ይገኛል። ይህ ተራራ የሁለት ወንዞች ድንበር ነው። በላዩ ከወረደው ዝናብ ወደ ደቡብ ያዘነበለው በአቃቂ አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ወደ ሰሜን ያዘነበለው ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ በሙገር በኩል ወደ ዐባይ ይወርዳል።

ተራራውን ተሻግረው ቊልቊል ሲመለከቱ የሱሉልታ ሜዳ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ይታያል። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በመስከረም አደይ አበባ ያለብሰዋል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ድርቆሽ ይታጨድበታል። የአየሩ ቅዝቃዜና የቦታው ከፍታ ለሩጫ ልምምድ ስለሚስማማ፣ ስመ ጥሩው ሯጭ ቀነኒሳ በቀለ የልምምድ ማእከል ያሠራው በዚሁ ነው፤ በማለዳ የሄደ ሰው ወጣቶች በጤዛው ላይ ተሰልፈው ሲሮጡ ያገኛል። የሜዳው ዐፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ይህ ዐፈር በበጋ ደርቆ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋል። በስንጥቁ ውስጥ የወደቀ ነገር ቢኖር እንደ ተዋጠ ይቀራል።

በዚህ ሜዳ ዳር የሚኖሩ፣ ስማቸውን የማንጠቅሰው ባልና ሚስት ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ድርቆሻቸውን ሲከምሩ ውለው ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ፣ እመቤቲቱ በሥርዓተ ተክሊል ዕለት ያጠለቁት ቀለበት ከጣታቸው የለም። ቤቱ ተፈለገ፤ ምጣዱ ተነሣ፤ ምንጣፉ ተገለበጠ፤ ቀለበቱ ግን ታጣ። በቤቱ ሦስት ዓመት ያገለገለች፣ ማታ ማታም እኛ ከምናስተምርበት ትምህርት ቤት እየመጣች የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች። ማንም ሌባ ብሎ አፉን አልከፈተባትም። ነገር ግን ልብሷ ተፈተሸ፤ የወር ደመወዟ ተያዘ፤ ቡና በሚጠጣበትም ስፍራ ነገሩ ለጎረቤት ተወራ። በሳምንቱ ልጅቱ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ወጣች፤ መውጣቷም የጥፋቷ ማስረጃ ሆኖ ተቈጠረ።

ቀድሞ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ እንደ ነበር አረጋውያን ያውቃሉ። ንብረት የጠፋበት ሰው ሌባ ሻዩን ያስጠራል፤ ሌባ ሻዩም ለአንድ ትንሽ ልጅ የሚያሰክር መድኀኒት አጠጥቶ፣ ጢስም አስምጎ፣ በወገቡ ባሰረው መቀነት እየያዘ ይለቀዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከወደቀበት ደጅ ባለቤት ላይ ዕዳው ይጸናል። በዚህ ዓይነት ስንት ንጹሕ ሰው ያልወሰደውን ከፈለ! ይህ ልማድ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ። ነገር ግን የሰከረው ልጅ ቀረ እንጂ ጥርጣሬያችን እንደ እርሱ እየተንገዳገደ ሄዶ ዘወትር የሚወድቀው ከድኻ ደጅ ነው። አንድም ቀን ከባለጠጋ ደጅ ሲወድቅ አላየንም። የፕሬዚዳንቱም ሐኪም በቀኝ በኩል ብቻ ያስፈለጉት አስቀድመው ስለ ቈረጡ ነበር፤ ፍርዱን አስቀድሞ የጨረሰ ፈላጊ ከእጁ በታች ያለውን አያይም።

በተከታዩ ዓመት በየካቲት ወር የባልየው የእኅት ልጅ ከውጭ አገር መጣ፤ ከጉምሩክ ያስፈቀደውን የብረታ ብረት መፈለጊያም ይዞ ነበር። ወሬውን በሰማ ጊዜ የጠየቀው ማን በቤት ውስጥ እንደ ነበረ አይደለም፤ በዚያ ቀን አክስቱ የት የት እንደ ዋሉና ምን ምን እንደ ሠሩ ነው። እርሳቸውም ዐስበው ከክምሩ እግር ሥር ሣር ሲጐትቱ መዋላቸውን ተናገሩ። ወጣቱ ቦታውን በገመድ ከፍሎ ዝግ ብሎ ይመላለስ ጀመር። ደጋው ዐፈር ብረት ካለበት ድንጋይ የተገኘ ስለ ሆነ መሣሪያው ያለ ምክንያት ደጋግሞ ይጮኻል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ከዐፈሩ ድምፅ ጋር ማስማማት ነበረበት። እስከ ቀትር ድረስ ያገኘው አራት ቆርኪ፣ የታጠፈ ምስማርና የተሰበረ ማጭድ ነው። ከቀትር በኋላ የክምሩ መሠረት ከነበረበት አንድ ክንድ ያህል ርቆ ጥርት ያለ ድምፅ ሰማ፤ በትንሽ መቈፈሪያ ዐፈሩን ሲያነሣ፣ ስንዝር በማይሞላ ጥልቀት፣ በደረቀ ዋልካ ውስጥ እንደ ተጣበቀ ቀለበቱ ወጣ።

እመቤቲቱ ቀለበቱን ተቀብለው አላጠለቁትም። በመሐረባቸው ቋጠሩትና ዝም ብለው ተቀመጡ፤ በኋላም፣ «ይህ ከሜዳ ከተገኘ ልጅቱ ምን አደረገች?» አሉ። በማግስቱ ባልና ሚስቱ ተማሪያችን ስለ ነበረች የት እንደምትገኝ እናውቅ እንደ ሆነ ሊጠይቁ ወደ እኛ መጡ። እኛም በቡራዩ አክስት እንዳለቻት ሰምተን ስለ ነበር ዐብረናቸው ተጓዝን።

ወደ ከተማው ወርደን በአስኮ በኩል የአምቦን መንገድ ይዘን ቡራዩ ደረስን። ከቡራዩ ዐለፍ ብሎ የገፈርሳ የውሃ ግድብ ይገኛል። ይህ ግድብ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች በፊት ተሠርቶ አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረ ነው። በበጋ ውሃው ወደ መካከል ሲሸሽ ዳርቻው ጭቃና ጠጠር ሆኖ ይገለጣል፤ ባሕር ላላየ የአገራችን ሰው የባሕር ዳርቻ የሚመስለው ይህ ነው። ወንዝ ወይም ኩሬ ዳር ቆሞ ጌጡ የወደቀበት ሰው ብዙ ጊዜ፣ «ውሃ ወሰደው» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። ነገር ግን ንጹሕ ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ፣ ብርም ከ10 ጊዜ በላይ ይከብዳል፤ የወንዝ አሸዋ ግን ከውሃ የሚከብደው ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጎርፍ አሸዋውን ሲወስድ ወርቁ በጠጠሩ መካከል ወደ ታች ይሰጥማል፤ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ውስጠኛ ወገን፣ ከዐለት ስንጥቅ ይሸሸጋል። ሩቅ ሄደ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ከእግራችን በታች ነው።

የልጅቱ አክስት በመንገድ ዳር በቆሎ እየጠበሱ የሚሸጡ ሴት ናቸው። እንግዶቹን ባዩ ጊዜ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «አሁን ደግሞ ምን ጠፋባችሁ?» አሉ። ይህን ቃል ሰምተን ሁላችንም ዐፈርን፤ እመቤቲቱም እንባ ተናንቋቸው፣ «እትዬ፣ የጠፋውስ ተገኘ፤ አሁን የምንፈልገው ልጅቱን ነው» ብለው መሐረቡን ፈትተው አሳዩአቸው። አክስቲቱ ቀለበቱን አላዩትም፤ ፊታቸውን አዩአቸው። ቈይተውም፣ ልጅቱ በቡራዩ በአንድ ቤት ተቀጥራ ሳለ የሱሉልታው ወሬ ተከትሏት ስለ መጣ ከዚያም መውጣቷን፣ አሁን በሰበታ በፋብሪካ መሥራቷን ነገሩን።

ከዚያ በአየር ጤና በኩል ዓለም ገናን ዐልፈን በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ ሄድን። በስተቀኝ በደን የተሸፈነው የወጨጫ ተራራ ይታያል። በሰበታ ሁለት የታወቁ ቤቶች አሉ። አንዱ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ገዳም ነው፤ በዚያ እናቶች መነኮሳይያት በጸሎትና በእጅ ሥራ ይኖራሉ። ሁለተኛው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያም የዐይናቸውን ብርሃን ያጡ ልጆች ፊደልን በጣታቸው፣ ዓለምን በጆሮአቸው ያነባሉ። በደጁ ስናልፍ ያ ወጣት በሜዳው ላይ ዐይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ የነበረው ትዝ አለን። ጆሮ በማስተዋል ካዳመጠ ከምድር በታች ያለውን ያገኛል፤ ሳይመረምር ከተቀበለ ግን የሰውን ስም ከምድር በታች ይቀብራል።

ልጅቱን ያገኘናት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እመቤቲቱን ባየች ጊዜ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። እርሳቸውም ቀለበቱ የት እንደ ተገኘ ነግረዋት ይቅርታ ለመኗት፤ የተያዘውንም ደመወዟን ከነጭማሪው አቀረቡላት። እርሷ ግን፣ «እትዬ፣ ቀለበቱ አንድ ቀን እንደሚገኝ ዐውቅ ነበር፤ እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ግን አላሰብሁም» አለች። ደመወዟን ተቀበለች፤ ጭማሪውን መለሰች። ወደ ቤታቸው እንድትመለስ ሲለምኗትም ሥራና የማታ ትምህርት መያዟን ነግራ አልፈቀደችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ስሟ የተነሣው በጎረቤት ፊት ስለ ሆነ እውነቱም በጎረቤት ፊት እንዲነገርላት።

በወሩ በ21፣ በእመቤታችን ማኅበር ዕለት፣ ጸሎት ደርሶ ጽዋው ከመታደሉ በፊት፣ እመቤቲቱ ከማኅበርተኞቹ መካከል ተነሥተው የሆነውን ሁሉ አንድ ሳይደብቁ ተናገሩ። ልጅቱ አልመጣችም፤ አክስቷ ግን መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ሰሙ፤ ከጽዋውም ቀመሱ። እመቤቲቱ ቀለበታቸውን መልሰው ያጠለቁት በዚያ ቀን ነው።

እንግዲህ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንመልከት። በነገሥት መጽሐፍ እንደ ተጻፈው የነቢያት ልጆች በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቈርጡ የአንዱ ምሳር ብረት ወደ ውሃ ወደቀ። ሰውየው እጅግ የተጨነቀው ምሳሩ የተዋሰው ስለ ነበረ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕም ብረቱ የወደቀበትን ስፍራ ጠየቀ እንጂ የወሰደውን ሰው አልጠየቀም፤ ስፍራውም በታየው ጊዜ ብረቱን አንሳፈፈው። በሉቃስ ወንጌል ከዐሥር ድሪሞቿ አንዱ የጠፋባት ሴትም መብራት አብርታ የጠረገችው የራሷን ቤት ነው፤ ጎረቤቶቿን የጠራቻቸው ድሪሙ ከተገኘ በኋላ ለደስታ ነው እንጂ ከመገኘቱ በፊት ለምርመራ አይደለም። ንግሥት እሌኒ በደመራው ጢስ ተመርታ መስከረም 17 ቀን ማስቈፈር ጀምራ መጋቢት 10 ቀን ሦስቱን መስቀሎች ባገኘች ጊዜ እንኳ ሥራው ገና አልተፈጸመም ነበር፤ የጌታችን መስቀል የትኛው እንደ ሆነ በተአምራቱ እስኪለይ ድረስ መጠበቅ አስፈለገ። ማግኘት አንድ ሥራ ነው፤ የማን እንደ ሆነ መለየት ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለየቤተ ሰቡ ይጠቅማል ያልነውን በአጭሩ እንናገራለን። ወደ ወንዝ፣ ወደ አጨዳ ወይም ወደ ጠበል ሲሄዱ ጌጥን አውልቆ ከቤት ማስቀመጥ ይገባል፤ የከበረውንም ዕቃ አስቀድሞ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትና ምልክቱን መጻፍ ደግ ነው። በሜዳ የጠፋ እንደ ሆነ ቦታውን ሳይረግጡ በድንጋይ ምልክት አድርጎ፣ ዐፈሩን ጥቂት በጥቂት በወንፊት መንፋት ይቻላል። መሣሪያ ያለው ሰው ከማስገባቱ በፊት የጉምሩክን ሕግ፣ ከመፈለጉም በፊት የመሬቱን ባለ ይዞታ ይጠይቅ፤ የቈፈረውንም ጉድጓድ ይድፈን። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በመቃብር ቦታና በጠበል ስፍራ ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ሊፈለግ አይገባም፤ በዚያ የወደቀው ብር ስለት ሊሆን ይችላልና። የጥይት ወይም የቦምብ መልክ ያለው ብረት ቢታይ ሳይነኩት ለፖሊስ ማስታወቅ ያስፈልጋል። የጥንት ዕቃ ቢገኝም፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቊጥር 209/1992 እንደሚያዝዘው፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገራል።

የሰው ዕቃ ያገኘ ደግሞ የእኔ ነው አይበል። የኦሪቱ ሕግ የወንድሙን የጠፋ በሬ ወይም ልብስ ያገኘ ሰው ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ ጠብቆ እንዲመልስ ያዝዛል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም አግኚው ዕቃውን ለባለቤቱ እንዲጠብቅ ይደነግጋል። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ሲያስነግሩም የዕቃውን መልክና ምልክት መግለጥ አይገባም፤ አንድ ጌጥ ተገኝቷል ብሎ ምልክቱን ባለቤቱ እንዲናገር መተው ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ዕቃ በጠፋ ጊዜ በቤታችን ያለውን የሰው ልጅ እንጠብቅ። ቀለበት ቢጠፋ ጋብቻ አይፈርስም፤ ተክሊሉን ያጸናው ጸሎትና ቃል ኪዳን ነው እንጂ ወርቁ አይደለም። የአንዲት ድኻ ልጅ ስም ግን ከጠፋ ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሰበታ በእግር ሄደው የሚፈልጉት ነገር ነው፤ ለዚያ የሚሆን መሣሪያም ገና አልተሠራም።

የብረታ ብረት መፈለጊያው በሰው አንገት ያለውን የብር መስቀል ከምድር በታች ቢሆን ይሰማዋል። መስቀሉ የተንጠለጠለበትን ማተብ ግን አይሰማውም፤ ማተብ ክር ነውና። ብሩን ለማግኘት መሣሪያው ይበቃል፤ ያገኙትን ለባለቤቱ ለመመለስና የበደሉትን ሰው ደጁ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ለመለመን የሚያስፈልገው ግን ማተብ ነው። እግዚአብሔር አምላካችን ለሁላችንም ይህን ልብ ያድለን።